ሞስኮቡን ስንፈልግ

አዲስ አበባ፣ ዶሮ ማነቂያ
ጥቅምት 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንድሪያስ፣

የጌታ ሰላም ካንተና ከቤትህ አይራቅ እያልኩ፣ እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ቆሜ ያስተማርኩበትን ዘመን ሁሉ አሁን እያስከፈለኝ ነው። ጆሮዬ ግን ጨርሶ ስለከዳኝ በስልክ የምትለኝን ግማሹን በግምት ነው የምሞላው። ባለፈው "ልጄ ዳኒል ዩኒቨርሲቲ ሊጨርስ ነው" ብትለኝ "ሊያገባ ነው" ብዬ ሰምቼ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። እልል ያለም አለ። ስለዚህ ከእንግዲህ በደብዳቤ እንገናኝ። በእጄ ጽፌ ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ፤ አንተም እንዲሁ አድርግ። ደብዳቤ ባይሰማኝ ደግሜ አነበዋለሁ።

አሁን የምጽፍልህ ለጉዳይ ነው። እናትህ ነፍሷን ይማርና፣ እሷና እኔ የወንድምና የእህት ልጆች ነን፤ የሁለታችንም አያት የሺ ናት። የሺ ስታርፍ አንተ ዳዴ የምትል ልጅ ስለነበርክ አታስታውሳትም። እኔን ግን ያሳደገችኝ እሷ ናት። አባቷ በምኒልክ ጊዜ ከሞስኮብ፣ ማለትም ከሩሲያ፣ ሐኪሞች ጋር አጃቢ ሆኖ የመጣ የኮሳክ ፈረሰኛ ነበር። የሺ በእናቷ ሆድ ሳለች ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም።

ሰፈሩ "የሞስኮቡ ልጅ" እያለ አሳደጋት። የተጣላት ሁሉ "አባትሽ የት አለ?" ይላታል። እሷም "ፈረስ ሊያጠጣ ሄዷል" ትልና ጠበኛዋን ሳይቀር ታስቀዋለች። አራዳ ነበረች። ልትሞት ስትል ግን እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦ "ቆንጅዬ፣ ሰውዬው መወለዴን ሰምቶ ይሆን?" አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን በሙሉ አራት ኪሎ አካባቢ ታሪክ ሳስተምር ኖርኩ። የሌላ አገር ነገሥታትን ዘር እስከ ምንጅላት ድረስ እቆጥራለሁ፤ የገዛ ቅድመ አያቴን ግን "ግሪጎሪ" ከሚል ስም በቀር አላውቀውም። ሰሞኑን የቀድሞ ባልደረባዬ ዑዘይር፣ ጡረታ ወጥቶም ማንበብ ያልተወ ሰው ነው፣ አንተ ባለህበት ከተማ የኮሳኮቹ የድሮ ወረቀት ለሕዝብ እንደተከፈተ፣ ከፊሉም ማንም እንዲያየው በኢንተርኔት እንደወጣ ነገረኝ። ለካ ለትምህርት ሄደህ በዚያው የቀረህበት ክራስኖዳር የግሪጎሪ አገር ኖሯል! እስቲ እግርህ ካነሣህ ሄደህ እይልኝ።

ዳኒልን ጉንጩን ሳምልኝ። አሁን መልኩ ወደ እናቱ ነው ወደ አንተ? ፎቶውን ላክልኝ።

ከክፉ ሁሉ ይሰውራችሁ።
አክስትህ ቆንጅት ሀብተሥላሴ

*

ክራስኖዳር
ታኅሣሥ 5 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለእትዬ ቆንጅት፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ጌታ ያበርታልዎት። እኛ ደህና ነን። ዳኒልም እስካሁን አላገባም፤ እልል ያሉትን ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

ሄድኩልዎት! እኔ እንኳ ቤተ መዛግብት ሲባል በር ላይ ዘበኛ ቆሞ የፈቃድ ደብዳቤ ከየት አመጣህ የሚል መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። መታወቂያውን ያሳየና ስሙን ያስመዘገበ ሁሉ ይገባል። የንባብ ክፍሉ ኃላፊ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ የሰካች ሴትዮ ናት።

"ከየት ነዎት?" አለችኝ።

"ከአዲስ አበባ።"

"የማንን ታሪክ ነው የሚያጠኑት?"

"የእናቴን ቅድመ አያት። ኮሳክ ነበር።"

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። ትስቃለች ብዬ ነበር። "እዚህ የተቀመጠው ሁሉ የሚፈልገው አያቱን ነው፤ ይቀመጡ" ብላ ወንበር ሳበችልኝ።

እውነቷን ነው። በስተግራዬ የወተት መኪና ሹፌር ነበር። ለካ ድሮ የሩሲያ አብዮት ሲመጣ ብዙ ኮሳክ ስሙን ደብቆ ነው የኖረው፤ ልጆቹም የማን ዘር እንደሆኑ ሳያውቁ አደጉ። ይሄ ሹፌር የአያቱን ስም ሲያገኝ አፉን በመዳፉ ይዞ አለቀሰ። ማንም ዝም በል አላለውም። እትዬ፣ እርስዎ ትዝ አሉኝ። አብረውኝ ቢቀመጡ ብዬ ተመኘሁ።

እዚህ አገር ዕድሜዬን ብጨርስም ያን የድሮ የእጅ ጽሕፈት ማንበብ አቃተኝ። ከአብዮቱ በኋላ የቀሩ ፊደላት አሉበት። ያዳነኝ ዳኒል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮኝ ይመጣና አጎንብሶ እንደ ልብስ ሰፊ ክሩን እየፈታ ያነብልኛል። ባለፈው ቀና ብሎ፣ "አባባ፣ እኔ እንግዲህ ምንድን ነኝ? አበሻ ኮሳክ?" ብሎ ሳቀ። እናቱ ቬራ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሐኪሞቹን ካጀቡት ወታደሮች መካከል ግሪጎሪ የሚባሉ ሦስት አግኝተናል። የኛ የትኛው ይሆን? ሙያውን፣ መልኩን፣ የሚያስታውሱት ነገር ካለ ይጻፉልኝ። ዳኒል ደግሞ "ፒያሳን ማየት አለብኝ" እያለ አስቸግሮኛል። ፎቶው ከዚህ ጋር ነው፤ መልኩን እርስዎ ይፍረዱ።

በጤና ያቆይልኝ።
ልጅዎ እንድሪያስ

*

አዲስ አበባ፣ ዶሮ ማነቂያ
የካቲት 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጆቼ ለእንድሪያስና ለዳኒል፣

ሰላማችሁ እንደ ክረምት ወንዝ ይብዛ። ፈረድኩ! ግንባሩ የእናቱ ነው፤ ዐይኑ ግን የሺ ናት፣ ቁርጥ የሺ። ፎቶውን ለጎረቤቴ ለአስካለ ባሳያት "ይሄ ልጅ ምኒልክ አደባባይ ቢቆም ማንም እንግዳ አይለውም" አለች።

የጠየቅኸኝን አስታወስኩ። የሺ ከእናቷ ሰምታ እንደነገረችኝ፣ ሰውየው ለፈረሶቹ ኮቴ ብረት የሚመታ ነበር። እጁ ውስጥ የሰኮና ሽታ አይጠፋም ነበር ትላለች። ከሦስቱ ይህን የሚሠራ ካለ እሱ ነው።

እኔም ሥራ አልፈታሁም። ዑዘይር የቤተ መዛግብቱን የኢንተርኔት አድራሻ ጽፎ ሰጠኝና እዚሁ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ከፈትኩት። አንድ ቃል አላነበብኩም፤ ምኑን አውቄው! ግን ገጹን በጣቴ እያሰፋሁ አየሁት። ቀለሙ የፈሰሰበት፣ ጥጉ የተቀደደ። እንድሪያስ፣ ታሪክ አስተማሪ ሆኜ ይህን የመሰለ ነገር በዐይኔ ያየሁት በጣት በሚቆጠር ጊዜ ነው። የት እንዳለ ብታውቅም ማን ያስገባሃል፤ ቢያስገባህም "ዛሬ ቁልፍ የያዘው ሰው የለም" ነው። እዚያ ግን የዓለም ጥግ ላይ ያለች አሮጊት ሳታስፈቅድ ከፍታ ታያለች። ደስ አለኝ፤ ከደስታዬም አለቀስኩ።

ዳኒዬ፣ አባትህ ይተርጉምልህ። ለትንሣኤ ና። የፊት ክፍሉን አጽድቼልሃለሁ። ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን አላፊ አግዳሚውን ሁሉ አሳይሃለሁ፤ ከዚያ የሺ ያረፈችበትን።

ፈጣሪ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።
ቆንጅት

*

ክራስኖዳር
ሐምሌ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእትዬ ቆንጅት፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ።

ለትንሣኤ መምጣቱ እንዳልሆነ አይተዋል። አገሩ ጦርነት ውስጥ ነው። በረራውም፣ ባንኩም፣ ሁሉ ነገር ተበላሽቷል። ገጹ አልከፈት እንዳለዎት ነግረውኝ ነበር፤ የስልክዎ ጥፋት አይደለም። አሁን ከውጭ አገር አይታይም። የንባብ ክፍሉም የሚቀበለው ጥቂት ሰው ነው፤ ቀጠሮ ይዞ መጠበቅ ነው። የተሰጡኝ ጥራዞችም "ጥገና ላይ ናቸው" ተባሉ። እጠብቃለሁ።

ዳኒል ተመርቋል። ደህና ነው።

ልጅዎ እንድሪያስ

*

አዲስ አበባ፣ ዶሮ ማነቂያ
መስከረም 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንድሪያስ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረህ። መስቀልም አለፈ፤ አስካለ ዘንድሮም ከደመራ መልስ የድርሻዬን አላስቀረችብኝም። ጴንጤ መሆኔን አርባ ዓመት ነግሬያት ልትሰማኝ አልቻለችም።

የምጽፍልህ በዚያ በዜናው ምክንያት ነው። ወጣቶቹ ለጦርነት እየተጠሩ ነው ይላል። ባሶች ላይ ሲወጡ፣ እናቶች መስኮቱን ሲደበድቡ አየሁ። ቴሌቪዥኑን በዐይኔ ብቻ ነው የምሰማው፤ ያ ደግሞ ይበቃል። ዳኒ የት ነው? ጥሪው ይነካዋል? ኮሳኩን ተወው። እሱ መቶ ዓመት ጠብቋል፤ ሌላም ይጠብቃል። ስለ ልጁ ብቻ ጻፍልኝ።

እዚህ በኩል ሰፈሩ ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ አለ። ወሬ ነው። አታስብ።

ፊቱን ያብራላችሁ።
ቆንጅት

*

ክራስኖዳር
ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለእትዬ ቆንጅት፣

ሰላምዎ ይብዛ። ትልቅ ዜና ይዤልዎታለሁ፦ ግሪጎሪን አገኘሁት!

ጥራዙ ከጥገና ወጣ። ከሦስቱ አንዱ፣ ሙያው ለፈረስ ኮቴ ብረት መምታት የሆነ፣ ከከተማው የአንድ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር የተወለደ ግሪጎሪ ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ጸጉሩ ቀይ ዳማ። መጻፍ አይችልም፤ በስሙ ፋንታ መስቀል አድርጓል። ኮሳክ ወደ ዘመቻ ሲሄድ ፈረሱንም፣ ኮርቻውንም፣ ሰይፉንም ከቤቱ ነው የሚያመጣው። የግሪጎሪ አባት ልጁን ለማሰናዳት ሁለት በሬ ሸጧል። ወደ አገራችን ሲሄድ ፈረሱ በመርከብ አይጫንም ስለተባለ መልሶ የተረከበው አባቱ ነው። ፈረሱ ግራጫ ነበር። ያንን ፈረስ እየመራ ወደ መንደሩ የተመለሰውን ሽማግሌ እያሰብኩ ሰነበትኩ። በረዶ ይሆናል፤ ወሩ የበረዶ ወር ነበር። አባትየው ከዚያ በኋላ እስከ መቼ እንደኖረ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

አሁን ዋናውን ይስሙ። የአገልግሎት ጊዜው ሲያልቅ በግሪጎሪ ስም አንድ መስመር ተጽፏል፦ "በአቢሲኒያ ለመቅረት ጠየቀ፤ አልተፈቀደለትም።" በቃ። ለምን እንደጠየቀ የለም። ከእሱ ጋር ከነበሩት ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ያቀረበ ሌላ አንድም ሰው የለም። ሁሉንም አንድ በአንድ አይቻለሁ። ከዚያ ከአገሩ ደርሶ፣ ጥቂት ዓመት ኖሮ፣ ከጃፓን ጋር በተደረገው ጦርነት ሞቷል። ሚስትም ልጅም አልተጻፈለትም።

ፎቶ ማንሣት ስለተከለከለ በእጄ ገልብጬ ልኬልዎታለሁ። አሁን በየቀኑ ማለት ይቻላል እዚያ ነኝ። የንባብ ክፍሉ ይሞቃል፤ ማንም ምንም አይጠይቅም።

ዳኒል ለሥራ ከከተማ ወጥቷል።

ልጅዎ እንድሪያስ

*

አዲስ አበባ፣ ዶሮ ማነቂያ
የካቲት 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንድሪያስ፣

ደብዳቤህን ይዤ የሺ መቃብር ድረስ ሄድኩ። ቆሜ አነበብኩላት። "ለመቅረት ጠይቆ ነበር" አልኳት። "ስላንቺ ነው" ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን ወረቀቱ አላለም። ለተማሪዎቼ ሁሉ "የተጻፈውን አንብቡ፤ የምትመኙትን አታንብቡ" ስል ኖሬ ለአያቴ ልዋሽ? አልዋሸኋትም። "አላውቅም፣ እትዬ፤ ግን መቅረት ፈልጎ ነበር" አልኳት። ለእኔ በቅቶኛል። እግዚአብሔር ያክብርህ።

አሁን ግን ላንተ ነው። እንድሪያስ፣ እኔ ወረቀት ማንበብ የለመድኩ ሰው ነኝ። መቶ ዓመት ስላለፈው ወታደር ሦስት ገጽ ሞልተህ ጽፈህልኛል፤ የፈረሱን መልክ ሳይቀር። ስለ ልጅህ ግማሽ መስመር ነው የጻፍከው።

ዳኒ የት ነው?

ቆንጅት

*

አዲስ አበባ
ሚያዝያ 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

እንድሪያስ፣ መልእክቴን እንዳየኸው ስልኩ ያሳየኛል። ባትጽፍም አልቀየምህም። ዳግማይ ትንሣኤ ነው ዛሬ። ለሁለታችሁ እየጸለይኩ ነው።

*

አዲስ አበባ
መስከረም 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣ ሌላ ዓመት መጣ። ነጥብ ብቻ እንኳ ብትልክልኝ መኖርህን ባወቅሁ።

*

ክራስኖዳር
ግንቦት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ ቆንጅት፣

ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ። ይቅር ይበሉኝ።

ዳኒል ሞቷል። ዓምና በሰኔ ነው። ወደ ጦርነቱ የወሰዱት በዚያው ዓመት በጥቅምት ነበር። ለእርስዎ "ለሥራ ወጥቷል" ብዬ ስጽፍ የጦር ምሽግ ውስጥ ነበር፣ በብርድ። ያኔ ብጽፈው እውነት የሚሆን መሰለኝ። አንዳንዱም ነገር በስልክ የሚጻፍ አልነበረም። "ዳኒ የት ነው?" ያሉኝን ደብዳቤ አሳትሜ ኪሴ ውስጥ ይዤው ነው የምዞረው።

ያን ሰሞን የንባብ ክፍሉ ውስጥ ስለ ግሪጎሪ አባት ለምን እንደዚያ እንደፈለግሁ ገብቶዎት ይሆናል። ልጁን አሰናድቶ የላከ ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚኖር የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ ነው። የትም አልተጻፈም።

የዳኒልን ሬሳ በታሸገ ሳጥን ሰጡኝ። አትክፈተው አሉኝ። ከቬራ ጎን ቀበርኩት። አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው ያለው፤ ግዴታውን ሲወጣ ወደቀ ይላል። የት? ማን አጠገቡ ነበር? ብዙ ቆየ ወይስ ወዲያው? ይህን ላውቅ ደጅ ጠናሁ። መጨረሻ ላይ ወደ አንድ ቢሮ መሩኝ። መስኮቱ ጋ ያለው ወጣት ነው፤ የዳኒል እኩያ ይሆናል።

"ልጄ እንዴት እንደሞተ የተጻፈውን ማየት እፈልጋለሁ" አልኩት።

ኮምፒውተሩን አየ። "የግል መዝገብ ነው። ሰባ አምስት ዓመት ሳይሞላው ለሕዝብ አይከፈትም።"

"እኔ ሕዝብ አይደለሁም። አባቱ ነኝ።"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አውቃለሁ፣ አባባ" አለኝ። ከእኔ ኋላ የቆመችው ሴት እጇን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች። እሷም ለዚያው ነው የመጣችው።

ሰባ አምስት ዓመት፣ እትዬ። የግሪጎሪ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈረሱን መልክ አውቃለሁ። የገዛ ልጄን አላውቅም። ሰባ አምስት ዓመት ሲሞላ እኔ አፈር ነኝ። ግሪጎሪ መጥቶ የሚፈልገው ዘር ነበረው። ዳኒል ልጅ የለውም። ያንን መዝገብ ማን መጥቶ "ክፈቱልኝ" ይላል?

አንድ ነገር ልለምንዎት። የፊት ክፍሉን አጽድቼልሃለሁ ብለውት ነበር። የዚያን ክፍል ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ። የሚተኛበትን ማየት እፈልጋለሁ።

እንድሪያስ

*

አዲስ አበባ፣ ገላን ጉራ
ሰኔ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንድሪያስ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። ሌላ ቃል ፈልጌ ነበር፤ የሚሆን አጣሁ። ያጽናህ፣ ልጄ።

የክፍሉን ፎቶ ልልክልህ አልችልም። እኔም የደበቅሁህ ነገር ነበር። ዶሮ ማነቂያ የለም። በመጋቢት ሰፈሩ ተነሣ። የተወለድኩበት ቤት ከነፊት ክፍሉ ሜዳ ሆኗል። አሁን የምጽፍልህ ከከተማው ዳር ገላን ጉራ ከሚባል ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ቤት ነው፤ ለጉልበቴ ሲሉ ምድር ቤት ሰጡኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ተበትኗል። አንተ ዝም ስትል በሐዘንህ ላይ ሐዘን ላለመጨመር ብዬ አልጻፍኩልህም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ጮህኩ። እዚህ ማንም ማንንም በውል አያውቅም፤ ግን በሩ ሁሉ ተከፈተ። ደግነቱ አስካለ ከእኔ ሦስት ብሎክ አልፎ ነው የደረሳት። እየሮጠች መጣች። ገና ሳልነግራት "ያ የፎቶው ልጅ ነው?" አለችኝ። የልጁን ስም እየጠራች አቅፋኝ አብራኝ አለቀሰች።

ከዚያ ስልክ መታች። የድሮው እድራችን ፈርሷል ብዬ ነበር፤ ሰዉ ግን መጣ፣ እንድሪያስ! ከአራብሳ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየረ መጣ። በዚህ ግቢ የተተከለ የመጀመሪያው ድንኳን የዳኒል ነው። አዲሶቹ ጎረቤቶች ውሃ እየቀዱ፣ ወንበር እያመጡ አብረውን ተቀመጡ። የኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘመሩ፤ አስካለና ጓደኞቿ በወጋቸው አለቀሱ፤ ዑዘይርም በወጉ ዱዓ አደረገ። ማንም ይህን ልጅ በዐይኑ አላየውም።

ሦስተኛው ቀን ላይ የሕይወት ታሪኩ ይነበብ አሉ። የታሪክ አስተማሪዋ እኔ ነኝና ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ምን እንደምጽፍ ታውቃለህ? አንተ በደብዳቤ ከነገርከኝ በቀር ምንም አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቱ ጋር ሄዶ የድሮ ጽሕፈት እንደሚያነብ ጻፍኩ። "እኔ ምንድን ነኝ?" ብሎ እንደሳቀ ጻፍኩ። እናቱን በልጅነቱ እንዳጣ፣ እንደተመረቀ፣ ፒያሳን ሊያይ እንደፈለገ። ከዚያ አለቀብኝ። ቆሜ ሳነበው ግማሽ ገጽ አልሞላም። ሃያ ሦስት ዓመት የኖረ ልጅ ግማሽ ገጽ! ያኔ ነው የተናደድኩት።

ስማኝ። እንዴት እንደሞተ ያለው መዝገብ ተዘግቷል። እኔም አንተም አናስከፍተውም። እንዴት እንደኖረ ያለው ግን አንተ ጋ ነው፤ የቆለፈብህ የለም። አንተ ካልጻፍከው ግን እሱም ካንተ ጋር ይቀበራል። የሺ የአባቷን ድምፅ አታውቅም፣ ሳቁን አታውቅም፤ ምክንያቱም ያወቁት ሰዎች እያለቀሱ ዝም ብለው ሞቱ። አንተ ደግሞ እንደነሱ ዝም አትበለኝ።

ጻፍልኝ። ምን ይበላ ነበር? ማንን ይወድ ነበር? ሲቆጣ ምን ይላል? ሥርዓት አታስይዘው፤ እንደመጣልህ ጻፈው። እኔ በአማርኛ አስተካክዬ፣ አስተይቤ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ እበትነዋለሁ፤ ዑዘይርም ማንም በሚያገኘው ቦታ ኢንተርኔት ላይ አወጣዋለሁ ብሎ ምሎልኛል። ልጅ የለውም አልክ። እኛ ዘመዶቹ አይደለንም?

ጉልበት ሲኖርህ ነው። አላቻኩልህም።

አክስትህ ቆንጅት

*

ክራስኖዳር
ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእትዬ ቆንጅት፣

ሰላምዎ ይብዛ፣ ጤናዎ ይጽና። ድንኳን ውስጥ ለተቀመጡት ሁሉ፣ ታክሲ ቀያይረው ለመጡት ሁሉ፣ አንድ በአንድ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ለእትዬ አስካለ እግራቸውን እንደሳምኩ ይንገሩልኝ። ሰው እዚህ ሲቀበር ቆመው ሸኝተው ይበተናሉ። ለዳኒል ሦስት ቀን የተቀመጠለት ሰው መኖሩን ስሰማ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኼ አለቀስኩ።

ከቤቱ መፍረስ ይልቅ ብቻዎን ሸክሙን በመሸከምዎ አዘንኩ። እኔ ደብቄ፣ እርስዎ ደብቀው፣ ሁለታችንም ስለ ኮሳክ ስንጻጻፍ ከረምን።

ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። አሁን ግን ከዚህ ጋር አብረው የሚያዩዋቸው ገጾች የዳኒል ናቸው። ሥርዓት የላቸውም፤ እንዳሉት እንደመጣልኝ ነው። ሽንኩርት አይወድም ነበር፤ ከሾርባው ውስጥ እየለቀመ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ይደረድረዋል። ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ወንዝ ዳር አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ስሟን ነግሮኝ አያውቅም፤ ቀብሩ ላይ ግን መጥታ ዳር ቆማ አየኋት፣ አሁን ስሟን አውቃለሁ። እናቱ በታመመችበት ዓመት ምግብ ማብሰል ተማረ፤ የመጀመሪያው ሩዝ አርሮ ሦስታችንም እየሳቅን በላነው። ሌላም ሌላም አለ። ገና አልጨረስኩም።

አንዱን ግን እዚህ ደብዳቤው ላይ ልጻፈው፤ ከሌሎቹ ጋር ሲደባለቅ እንዳይጠፋ።

የተወሰደ ቀን አውቶቡሱ ጋ ሸኘሁት። አማርኛ አላስተማርኩትም ነበር፣ እትዬ። ምን ይሠራለታል ብዬ ነው። ከእኔ አፍ ሳላስበው የሚወጣ ጥቂት ቃል ነው የሚያውቀው። ሰዉ ይተቃቀፋል፣ ይጮሃል፣ እኔ ግን እንደ ድንጋይ ደርቄ ቆምኩ። ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠና ትከሻዬን በሁለት እጁ ያዘ።

"አይዞህ" አለኝ።

በአማርኛ፤ አጥርቶ። ደነገጥኩ። "ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?" አልኩት።

"ትርጉሙን አላውቅም" አለኝ። "ልጅ ሆኜ ስወድቅ ትለኝ ነበር። እማማ ስትሞትም ብለኸኛል። ስትለኝ ይሻለኛል።"

ከዚያ ጠሩትና ገባ።

እንድሪያስ